መሪና ተሳቢ

ሰው በማይሰማው ጕዳት ይጠየቃልን? ይህን ጥያቄ በማስተምርበት ዘመን ከተማሪዎቼ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መልሱ ቀላል ስለ መሰለኝ «ያላወቀ አይጠየቅም» ብዬ አልፈው ነበር። በጡረታዬ ዘመን፣ በሰው አገር፣ ከአንድ አቧራማ መንገድ ዳር ተንበርክኬ የተሰበረ ጀበና ስለቅም ግን፣ ያ መልሴ የሰነፍ መልስ እንደ ነበረ ተረዳሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተም ነገ የምትመራው ነገር አይጠፋምና የደረሰብኝን ሳልደብቅ ልንገርህ።

ልጄ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአውስትራሊያ በአዴላይድ ከተማ ይኖራል። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ «አባባ፣ ከተማውን ብቻ አይተው እንዳይመለሱ፣ የአገሩን ሆድ ላሳይዎ» አለኝና ከወዳጁ ካራቫን ተዋሰ። ካራቫን ማለት መኝታና ማድቤት፣ የውሃ በርሜልና ቁም ሳጥን የተሰናዳለት፣ ከመኪና ኋላ ተያይዞ የሚጎተት ቤት ነው። በአገራችን የጭነት መኪና ተሳቢን ያየ ሰው በቀላሉ ይገምተዋል፤ ልዩነቱ በተሳቢው የሚጫነው እህል ወይም ሲሚንቶ ሲሆን፣ በካራቫኑ የሚጫነው ኑሮ መሆኑ ነው።

የሄድንበት መንገድ በደቡብ አውስትራሊያ ከማሪ ተነሥቶ፣ በዊሊያም ክሪክና በኡድናዳታ አልፎ፣ እስከ ማርላ 620 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። አስፋልት አልነካውም፤ አፈርና ጠጠር ብቻ ነው። በዚያ በረሃ ከመሬት ሥር የሚፈልቁ ምንጮች ተራ በተራ ስለሚገኙ፣ የአገሩ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ ይነግዱበት ነበር። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያገናኘው የቴሌግራም ሽቦ እነዚህኑ ምንጮች ተከትሎ አለፈ። ከዚያም የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ እርሱም በ1980 ዓ.ም. ተዘጋና ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ ይታያል። ሐዲዱ ባልደረሰበት ስፍራ ሁሉ ዕቃ የሚያመላልሱት ከአፍጋኒስታንና ከሕንድ አካባቢ ግመሎቻቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ካራቫን የሚለው ቃል ራሱ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጕሙ በአንድነት የሚጓዝ የነጋዴ ጭፍራ ነው፤ እኛ ሲራራ የምንለው መሆኑ ነው።

ልጄ ከመነሣታችን በፊት የጭነቱን ሥርዐት አስረዳኝ። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ በጎማዎቹ ትይዩ ይቀመጣል። ከጠቅላላው ክብደት አንድ ዐሥረኛው ያህል በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ እንደ ሆነ ቤቱ እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጠው ይችላል። በዚያን ጊዜ ደንግጦ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያብሳል፤ ነዳጁን በዝግታ መልቀቅና የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው በእጅ መያዝ ይሻላል። ጠጠሩ ላይ ሲደረስም የጎማዎቹ ነፋስ ይቀነሳል፤ ፍጥነትም አብሮ ይቀነሳል። ከሁሉም በላይ በየሰዓቱ ቆሞ፣ ወርዶ፣ ቡሎኑንና ባሌስትራውን፣ የውሃውንም መስመር መመልከት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ፈጸምን። በሁለተኛው ቀን መንገዱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ሆነ። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስንሄድ ጥርሳችን ተንገጫገጨ፤ መነጽሬ ከአፍንጫዬ ወረደ። እኔም ታከተኝና «ልጄ፣ በዚህ አካሄድማ መሽቶብን ልናድር ነው፤ ትንሽ ፍጠን እንጂ» አልሁት። ልጄ አንድ ጊዜ «ኋላችንን እንዳይጎዳው ነው፣ አባባ» አለኝ። ሁለተኛ ስናገር ግን አባት ነኝና ታዘዘኝ። ፍጥነቱ ወደ 80 ሲጠጋ አንድ ተአምር የሚመስል ነገር ሆነ፤ መንገጫገጩ ጠፋና መኪናው በምንጣፍ ላይ የሚሄድ መሰለ። «አየህን? ድሮም ጥፋቱ ከመንገዱ ሳይሆን ከፍርሃትህ ነበር» ብዬ ተኰፈስሁበት። ከዚያም መቆሙን ረስተን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጓዝን።

በመጨረሻ ለምሳ ቆመን የካራቫኑን በር ስንከፍት ውስጡ በቀይ አቧራ ተሞልቷል። የቁም ሳጥኑ መዝጊያ ተገንጥሎ፣ በርበሬው ከዱቄቱ ጋር ተደባልቋል። የውሃው መስመር ከመጋጠሚያው ተላቆ፣ በርሜሉ መንገድ ለመንገድ ሲፈስ ቆይቶ ባዶውን ቀርቷል። የምራቴ ሟች እናት ሲያፈሉበት የኖሩት፣ እርሷም በነጠላ ጠቅልላ ከአዲስ አበባ ይዛው የሄደችው ጀበና ስባሪ ሆኖ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ምራቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ስባሪውን ትለቅም ጀመር፤ እኔም ተንበርክኬ አብሬያት ለቀምሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌው ነበር! ትንሿ የልጅ ልጄ ግን ልታጽናናኝ ብላ «አያቴ፣ እኛ እኮ ምንም አልተሰማንም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ነገሩም ያለው በዚሁ ላይ ነው። ጎማ በዝግታ ሲሄድ እያንዳንዱን ሽንሽን ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ስለዚህ ከፊት የተቀመጠው ሰው መንገዱን ይሰማዋል። በፍጥነት ሲሄድ ግን ከጫፍ ወደ ጫፍ እየዘለለ ጉድጓዱን ያልፈዋል፤ መኪናውም በጥሩ ባሌስትራና በምቹ ወንበር ለሰው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ተሳፋሪው መንገዱ የተስተካከለ ይመስለዋል። ለፊተኛው ምቾት የሆነው ያው ፍጥነት ለኋለኛው መዶሻ ነው። ተሳቢው ደግሞ «አመመኝ» የሚል አፍ የለውም።

በትርፍ ጀሪካን የያዝነው ውሃ በመኪናው ውስጥ ስለ ነበረ ለሕይወታችን የሚያሰጋ አልሆነም። ቢሆንም በዚያ በረሃ ውሃ ማባከን ቀልድ አይደለም፤ ቀሪውን መንገድ እየተንገጫገጭን፣ በየሰዓቱ እየቆምን ጨረስነው። እኔም ዝም ብዬ ስለ ልጅነቴ ዘመን አስብ ነበር።

በልጅነቴ በሰፈራችን የሚያልፉ ሲራራ ነጋዴዎች አህዮቻቸውንና በቅሎዎቻቸውን የሚነዱት ከኋላ ሆነው ነበር። ጭነት የተንሸራተተባት፣ ጀርባዋ የተገጠበ፣ እግሯ ያነከሰ አህያ ብትኖር ባለቤቷ ወዲያው ያያል፤ ሁሉም በዐይኑ ፊት ነውና። መንዳት የሚለው ቃላችን መነሻው ይህ ነው። ዛሬ መኪና የሚይዘውን ሰው ነጂ እንለዋለን እንጂ ከኋላ አይነዳም፤ ከፊት ተቀምጦ ይጎትታል። በእጁ የጨበጠውንም ክብ ነገር መሪ ብለን ጠራነው። በዚህ ስም ውስጥ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ፤ መሪን የጨበጠ ሁሉ ፊቱ ወደ ፊት ነው፤ የሚከተለው ግን ከጀርባው ነው።

እንግዲህ እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል መሪ ጨብጬ ነበር። ለፈተና የሚቀርቡ ተማሪዎችን ሳስተምር፣ በፊት ወንበር የተቀመጡት ጎበዞች ጥያቄውን ከአፌ እየነጠቁ ሲመልሱ ትምህርቱ ልስልስ ብሎ ይሄድልኝ ነበር፤ መጽሐፉንም ከቀኑ በፊት እጨርስ ነበር። በመጨረሻው ወንበር ላይ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረ። አይጠይቅም፣ አይረብሽም። በዓመቱ አጋማሽ ቀረ፤ እኔም በመዝገቡ ላይ «አቋርጧል» ብዬ ጽፌ ወደ ሚቀጥለው ስም አለፍሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ በገበያ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁት። ሸክሙን አውርዶ እጅ ነሣኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያልደረስሁብዎ» አለኝ። በዚያን ቀን ምስጋና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። የነገረኝ ምን እንደ ሆነ የገባኝ የጀበናውን ስባሪ ስለቅም ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ዘወትር ወደ ኋላ የሚያይ መሪ ገደል ይገባል» ይለኛል። አዎን፣ ይገባል። ስለዚህም ነው መኪና የጎን መስተዋት የተደረገለት፤ ስለዚህም ነው በየሰዓቱ መቆም የተወሰነው። ዐይን ከመንገዱ ሳይነሣ ስለ ኋላው የሚጠየቅበት ጊዜና ሥርዐት ሊኖር ይገባል። ጥፋቴ በየደቂቃው ዞሬ ባለማየቴ አይደለም፤ መቆም በሚገባኝ ሰዓት መንገዱ ስለተመቸኝ ሳልቆም ማለፌ ነው።

ሌላውም «እንግዲያውስ ምንም አልጎትትም፤ ብቻዬን ቀልዬ እሄዳለሁ» ይላል። ይህ ሐሳብ ለወጣት ያምራል። ቀላል ጭነት መምረጥ በእርግጥ ጥበብ ነው፤ እኛም ካልያዝነው ብዙ ዕቃ ምንም አልጐደለብንም ነበር። ነገር ግን ምንም የማይከተለው ሰው ሲመሽ የሚያድርበት ቤት የለውም። የሚወልድ፣ የሚያስተምር፣ ሠራተኛ የሚያዝዝ፣ አገር የሚያስተዳድር ሁሉ ይጎትታል። ቁም ነገሩ መጎተት ወይም አለመጎተት አይደለም፤ የፍጥነትን ልክ ማን ይወስነዋል የሚለው ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ልኩን መወሰን ያለበት ከፊት የተቀመጠው ሰው ምቾት ሳይሆን ከኋላ ያለው የሚችለው ነው።

ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ። አለማወቅ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው፣ ሰው መርምሮም ሊደርስበት ያልቻለው ነው፤ ስለዚህ የሚወቅሰው የለም። ሁለተኛው ግን እንዳያውቅ የሚያደርገውን ምቾት ራሱ የፈጠረው ነው። እኔ በመኪናው ውስጥ ያልተሰማኝ እንዳይሰማኝ ስለ ፈጠንሁ ነው። በክፍሌም ውስጥ ያልታየኝ የሚያስደስተኝን ፊት ብቻ ስለ ተመለከትሁ ነው። እንዲህ ያለው አለማወቅ ይቅርታ ያስጠይቃል እንጂ ይቅርታ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገዱን እንደ ቆርቆሮ የሸነሸኑት ቀድመውን ያለፉት ጎማዎች ናቸው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የፊዚክስ ሊቃውንት አሸዋ በተነጠፈበት ክብ ዙሪያ ጎማ እያሽከረከሩ ሲፈትኑ፣ ፍጥነቱ ከአንድ ልክ ሲያልፍ አሸዋው ሽንሽን እየሠራ፣ ከልኩ በታች ሲሆን ግን ልሙጥ ሆኖ እንደሚቀር አሳይተዋል። በዚያ አገርም ዝናብ ሲዘንብ የመንግሥት ሰዎች መንገዱን ይዘጉታል፤ በጭቃው የነዳ ሰው የሚተወው ቦይ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ሆኖ ሌላውን ይሰብራልና፣ ጥሶ የሄደ ይቀጣል። ስለዚህ የሚከተለን የጎተትነው ብቻ አይደለም፤ ከነጭራሹ የማናውቀው መንገደኛም ይከተለናል።

ምራቴ በኋላ በገበያ ከተገኘ ሸክላ አዲስ ጀበና ላስመጣልሽ ብላት «ይቅር፣ አባባ፤ የእናቴን አይሆንም» አለችኝ። እውነት ነው፤ አይሆንም። ያንንም ልጅ ዛሬ ወደ ወንበሩ ልመልሰው አልችልም። ለአንተ ግን፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ገና ጊዜ አለህ። መንገድህ በድንገት የተመቸህ እንደ ሆነ ደስ ከማለትህ በፊት ቁም፤ ውረድ፤ ወደ ኋላህ ሂድና በሩን ከፍተህ ተመልከት።