ባልሠሩት ሥራ መመስገን ይገባልን?

ምስጋና እንደ ገንዘብ ያለ ነገር ነው፤ ባለቤት አለው። የሰው ገንዘብ ወስዶ የተገኘ ሰው ሌባ ተብሎ በዳኛ ፊት ይቆማል፤ የሰው ምስጋና ወስዶ የተገኘውን ግን የሚከሰው እምብዛም አይገኝም። ይኸውም ምስጋና በሚዛን የማይመዘን፥ በሣጥንም የማይቈለፍ ስለ ሆነ ነው። ዳሩ ግን በሕሊና ችሎት ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለዚህም ምርመራ በአሜሪካ አገር ከአንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ጋራ የወጣው የዘፈን ሸክላ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር የተባሉ ሁለት የቴሌቪዥን ሥራ አዘጋጆች አራት ወጣቶች እንደሚፈልጉ በጋዜጣ አስነገሩ። አሳባቸውም ስለ አንድ ያልቀናው የሙዚቀኞች ጓድ ኑሮ የሚያሥቅ ተከታታይ ጨዋታ ለማሳየት ነበር። ከ400 በላይ ሰዎች ቀርበው ከተፈተኑ በኋላ ዴቪ ጆንስ፥ ሚኪ ዶለንዝ፥ ፒተር ቶርክና ማይክል ነስሚዝ ተመረጡ። ከእነዚህም ነስሚዝና ቶርክ ሙዚቃ የሚያውቁ ነበሩ፤ ጆንስና ዶለንዝ ግን ይልቁንም በቴአትር ተጫዋችነት የታወቁ ናቸው። ዶለንዝ ከዚያ በፊት ከበሮ መቺ ሳይሆን በጨዋታው ከበሮ መቺ ሁን ተባለ። የጓዱም ስም ሞንኪስ ተባለ።

ጨዋታው መስከረም 12 ቀን 1966 ዓ.ም. መታየት ጀመረ፤ በማግሥቱ ወር በጓዱ ስም የተሰየመው ሸክላ ወጣ። ይህም ሸክላ በአሜሪካ በሽያጭ ለ13 ሳምንት አንደኛ ሆነ። በጥር 1967 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ደግሞ ተከትሎ 18 ሳምንት በዚያው ስፍራ ቈየ። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው የዘፋኞቹ ድምፅ በእውነት የወጣቶቹ ነው፤ ጊታሩንና ከበሮውን ግን አብዛኛውን የመቱት በደመወዝ የተቀጠሩ ሌሎች ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ስማቸውም በሽፋኑ ላይ አልተጻፈም። ዘፈኖቹን የሚመርጠው ሚስተር ዶን ከርሽነር የሚባል ነጋዴ ነበር። ሁለተኛው ሸክላ እንዲያውም አራቱ ወጣቶች ሳይጠየቁ ወጥቶ ተሸጠ።

ነገሩ በተገለጠ ጊዜ የጋዜጣ ጸሓፊዎች በወጣቶቹ ላይ ተነሡ፤ በፋብሪካ የተሠሩ ዘፋኞች እያሉም ዘበቱባቸው። ሸክላውን ገዝቶ ሲደሰትበት የሰነበተው ሰውም ብዙው ተታለልሁ አለ። ነገር ግን ከዘፈኑ ውስጥ አንዲት ድምፅ እንኳ አልተለወጠችም ነበር፤ የተለወጠው የሰሚው ልብ ነው። እንግዲህ ሰው ዘፈን በሚሰማበት ጊዜ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከድምፁ ጋራ የሰውን እውነት ጭምር እንደሚፈልግ ከዚህ ይታወቃል።

ለወጣቶቹ የሚከራከር ሰው ሁለት ነገር ሊያቀርብ ይችላል። አንደኛው፥ በቴአትር ንጉሥ ሆኖ የሚጫወት ሰው ንጉሥ ሳይሆን ነገሠ ተብሎ እንደማይከሰስ፥ ሙዚቀኛ ሆኖ የተጫወተም ሊከሰስ አይገባውም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በዚያ ዘመን እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነበር የሚል ነው። በ1965 ዓ.ም. በርድስ የተባለው የተከበረ ጓድ ስሙን ያስጠራበትን የመጀመሪያ ዘፈን ባስቀረጸ ጊዜ፥ ከጓዱ ሰዎች መሣሪያ የመታው ሮጀር መጊን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ክርክር ፈራጆቹ በእኩል ሚዛን እንዳልፈረዱ ያስረዳል፤ ዳሩ ግን ጥፋት ብዙ ሰው ስለ ሠራው ጽድቅ አይሆንም። የመጀመሪያው ክርክር ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ቴአትር መጋረጃ አለው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተመልካቹም ይህን ያውቃል። ሸክላው ግን ከመጋረጃው ወጥቶ በሰው ቤት ገባ። በሽፋኑም ላይ ጨዋታ መሆኑን የሚናገር አልነበረም። ጨዋታ ወደ ሐሰት የሚለወጠው ተመልካቹ ሳያውቅ መጋረጃውን ያለፈ እንደ ሆነ ነው።

ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፥ እጁንም በጠቦት ለምድ ሸፍኖ በአባቱ ፊት በቆመ ጊዜ ድምፁ የራሱ፥ እጁ ግን የሌላ መስሎ ነበር። በእነዚህ ሸክላዎችም ላይ ድምፁ የወጣቶቹ፥ እጁ የሌላ ነው። ያዕቆብን የመከረችው እናቱ ናት፤ ነገር ግን ይስሐቅ ተጠራጥሮ ደጋግሞ በጠየቀው ጊዜ እውነቱን የመናገር ዕድል የእርሱ የራሱ ነበር። ስለዚህ በሌላ ሰው ምክር ተንኰል ውስጥ የገባ ሰው የሚመዘነው ጥያቄው በደረሰበት ሰዓት በሚሰጠው መልስ ነው።

በዚህ በኩል ነስሚዝ ሊመሰገን ይገባዋል። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ የሸክላው ሙዚቃ የእነርሱ ሥራ አለመሆኑን ለጋዜጣ ጸሓፊ በግልጥ ተናገረ። ከነጋዴው ጋራ በተደረገውም ስብሰባ ላይ ተቈጥቶ ግድግዳውን በጡጫ እንደ መታ ይተረካል። ሸክላው በብዛት ሲሸጥ፥ ገንዘቡም ሲገባ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን ያልሠራው ሥራ ምስጋና ከበደው።

ከዚህ በኋላ ነጋዴው ተሰናበተ፤ አራቱም በጥቂት ረዳት ብቻ ራሳቸው መትተው ሄድኳርተርስ የተባለውን ሦስተኛ ሸክላ በግንቦት 1967 ዓ.ም. አወጡ። ዶለንዝም የተማረውን ከበሮ በእጁ መታ። ይህ ሸክላ አንደኛ የሆነው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያም የቢትልስ ሸክላ በልጦት 11 ሳምንት ሁለተኛ ሆኖ ቈየ። እውነት ከሐሰት ያነሰ ዋጋ ማምጣቷ በዚህም ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጡት ሸክላ ግን እንደ ገና የሌላ ሰው ከበሮ መቺ ረዳቸው። ስለዚህ ክፋቱ የሰው እርዳታ መቀበሉ አልነበረም፤ ክፋቱ የረዳውን መሰወርና የተረዳውን ሳይጠይቁ በስሙ መነገድ ነው።

ሚስተር ከርሽነር ግን ሌላ መንገድ አገኘ። አርቺስ የተባለ ጓድ ዘፈን አዘጋጀ፤ የዚህ ጓድ ሰዎች በቴሌቪዥን የሚታዩ ሥዕሎች ናቸው እንጂ ነፍስ ያላቸው አይደሉም። በ1969 ዓ.ም. ዘፈናቸው በአሜሪካ ለ4 ሳምንት አንደኛ ሆነ። ሥዕል የዘፈን ምርጫ ልስጥ አይልም፤ የኔ ሥራ አይደለም ብሎም ግድግዳ አይመታም። ነገር ግን ከሥዕሉ በስተኋላ ሮን ዳንቴ የተባለ ሕያው ሰው ይዘፍን ነበር፤ ሕዝቡም ፊቱን ሳያይ ድምፁን ወደደ።

በሰው ወርቅ አይደምቁ ያሉት አባቶች ወርቁን ንቀው አይደለም፤ ወርቁ የማን እንደ ሆነ ባለቤቱም የለበሰውም ስለሚያውቁ ነው። ሥዕል የማያፍረው ሕሊና ስለሌለው ነው። ሰው ግን ባልሠራው ሥራ ሲመሰገን በልቡ አንድ ነገር ይጐረብጠዋል፤ ያም የሚጐረብጠው ነገር ከሥዕል የሚለይበት ክብሩ ስለ ሆነ፥ ዝም ሊያሰኘው አይገባም።