ጠንካራው ማን ነው? ስለ ትምህርት ቤት ትግል ለወጣቶቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ባለፈው እሁድ ከቁርኣን ትምህርት በኋላ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ። "ኡስታዝ፣ ትምህርት ቤት የሬስሊንግ ቡድን ልገባ ፈልጌ ነበር። አባዬ ግን አይሆንም አለኝ። ሐራም ነው እንዴ?" ሲል ጠየቀኝ። አባቱን ሳነጋግራቸው በሐሳባቸው የነበረው በቴሌቪዥን የሚታየው፣ ሰው በወንበር የሚማታበት ትርኢት ነው። አልፈረድኩባቸውም። የእኔም አባት ትግል ሲባል የመሰለው እሱ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንለይ። በትምህርት ቤት ትግል ቡጢ፣ እርግጫም ሆነ ማነቅ የለም። ተጋጣሚህ በክብደት የሚመጥንህ ልጅ ነው። ግጥሚያው ባብዛኛው ሦስት ዙር ሲሆን እያንዳንዱ ዙር 2 ደቂቃ ነው። የተጋጣሚህን ሁለት ትከሻ ለ2 ሰከንድ ማቱ ላይ ከያዝክ ጨዋታው ያበቃል። ሲጀመርም ሲያልቅም እጅ ለእጅ መጨባበጥ ነው፤ ለማንም አጎንብሱ አይባልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፊትን ከመምታት ከልክለዋል፤ ብዙ ዑለማዎች ቦክስን የነቀፉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በትግል ግን መምታት ራሱ ያስቀጣል።

ትግል ለዲናችን እንግዳ ነገርም አይደለም። ስለ ሰነዱ ዑለማዎች የተነጋገሩበት ቢሆንም፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሩካና የሚባለውን የቁረይሽ ኃይለኛ ታግለው እንደጣሉት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። የሲራ መጻሕፍት ደግሞ ስለ ሁለት ታዳጊዎች ይነግሩናል። ለኡሑድ ዘመቻ በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ሰው ሲመረጥ ራፊዕ ኢብን ኸዲጅ በቀስት ውርወራው ተፈቀደለት፤ እኩያው ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ ግን ገና ነህ ተብሎ ተመለሰ። ሰሙራም "እኔ እኮ ራፊዕን ታግዬ እጥለዋለሁ" የሚል መልእክት አደረሰ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ነው ብለው ዝም አላሉትም። እንዲታገሉ አደረጉ፤ ሰሙራ ጣለው፤ ለእሱም ተፈቀደለት። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው፦ አንድ ታዳጊ ያለውን አቅም እንዲያሳይ ዕድል ተሰጠው፣ ታየም።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። አሜሪካ ስመጣ 14 ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ፣ ምሳ ሰዓት ብቻዬን የምቀመጥ ልጅ ነበርኩ። ትግል የጀመርኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ሰው ሳይመርጥ የሚቀበለው ቡድን እሱ ብቻ ስለነበር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ግጥሚያ አላሸነፍኩም።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ የታክሲ ሥራውን ትቶ ሊያየኝ መጣ። የዚያን ቀን ተጋጣሚዬ ከላዬ ሆኖ ስለ ሃይማኖቴ አንድ ክፉ ቃል በጆሮዬ ተናገረኝ። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ዞሬ ፊቱን መታሁት። ዳኛው ከውድድሩ አስወጣኝ። ቡድናችንም በእኔ ምክንያት ነጥብ አጥቶ ተሸነፈ።

መኪና ውስጥ አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ወሎ ከብት ስንጠብቅ እኛም እንታገል ነበር። የወደቀ ይነሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የሚማታን ልጅ ግን በማግስቱ አናጫውተውም ነበር" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

በዚያው ሳምንት በመስጂድ የሰማሁት ሐዲስ ለእኔ ብቻ የተነገረ መሰለኝ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኃይለኛ ማለት ሰውን የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ነፍሱን የሚይዝ መሆኑን አስተምረዋል። ልብ በሉ! ምሳሌያቸውን የወሰዱት ከትግል ነው። ሰውን መጣል ዋጋ ቢስ ነው አላሉም፤ ከእሱ የሚከብድ ሌላ ትግል እንዳለ ነገሩን።

በሚቀጥለው ውድድር ያንኑ ልጅ አገኘሁት። ስለ መታሁት ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ስለ ቃሉ ይቅርታ አልጠየቀኝም። ያን ቀንም አሸነፈኝ። ሆኖም ተነስቼ ጨበጥኩት፤ ልቤም ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሸነፍኳቸው ግጥሚያዎች ሁሉ ይልቅ ያን ሽንፈት አስታውሳለሁ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ብዙዎቻችሁ ቁጣችሁን የምትለማመዱት በስልክ ላይ ነው። ሰው ይሰድባችኋል፣ ትሰድባላችሁ፣ ፊቱን ግን አታዩትም። ማት ላይ የሚያበሳጫችሁ ሰው ትንፋሹ ይሰማችኋል፤ ሲያልቅም እጁን ትጨብጣላችሁ። ሶብር በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ በላብ ሲሆን ግን ሰውነት ውስጥ ይገባል። ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ የተሻለና የተወደደ መሆኑን፣ በሁለቱም ውስጥ ኸይር እንዳለ በሙስሊም ዘገባ ተምረናል። እንግዲህ ሰውነታችን አማና ነው።

ይህን ስል ግን ዲናችሁን ከጂሙ በር ላይ ጥላችሁ ግቡ ማለቴ አይደለም። አራት ነገሮችን ያዙ።

አንደኛ፣ ሶላት። በዚህ በዲሲ አካባቢ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ መግሪብ ልምምድ ላይ ያገኛችኋል። እኔ መጀመሪያ አፍሬ ተደብቄ እሰግድ ነበር፤ አንዳንዴም አሳልፈው ነበር፤ አላህ ይማረኝ። በመጨረሻ ለአሰልጣኙ ስነግረው "በመጀመሪያው ሳምንት ለምን አልነገርከኝም?" ብሎ አምስት ደቂቃና አንድ ጥግ ሰጠኝ። እናንተ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ።

ሁለተኛ፣ አውራ። ሲንግሌት የሚባለው ልብስ ጠባብና አጭር ነው። ነገር ግን ዛሬ ደንቡ ቲሸርትና ቁምጣ ያለውን ሁለት ክፍል ልብስም ይፈቅዳል። እምብርትና ጉልበት እንዲሸፈን ከስር ረጅም ታይት ስለ መልበስ አሰልጣኙን ጠይቁ። እህቶቼ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች የሴቶች ውድድር ለብቻው አለ፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሩጫ ተወዳድራለች። ስለ ሒጃብ፣ ስለ ልምምድ ቦታውና ስለ ተጋጣሚ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከወንድ ጋር ተጋጠሚ ከተባልሽ ግን በአደብ "አይሆንም" በይ።

ሦስተኛ፣ ክብደት። ለመቅለል ብሎ ውሃ መተው ቀልድ አይደለም። በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ደንቡ የጠበቀው፤ ተማሪዎች የሰውነታቸው ውሃ ተመርምሮ ዝቅተኛ ክብደት ይወሰንላቸዋል። ነፍስን መጉዳት በዲናችንም አልተፈቀደም።

አራተኛ፣ ረመዷን። በ2026፣ በ2027 እና በ2028 ረመዷን የትግሉ ወቅት ውስጥ ይገባል። ግጥሚያ አለብኝ ተብሎ ፆም አይፈታም። ስለዚህ ከወራት በፊት ከአሰልጣኛችሁ ጋር ተማከሩ፤ ሱሑር አትለፉ፤ በፆም ላይ ክብደት እቀንሳለሁ አትበሉ። አንድ ውድድር ቢያመልጣችሁ ለአላህ ብላችሁ የተዋችሁት ነውና አይቆጫችሁም።

ወላጆችም ይህን ካነበባችሁ፣ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩ። የዚያ የ9ኛ ክፍል ልጅ አባት ለማየት ቃል ገብተውልኛል። አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ልጁ ሊወድቅ ይችላል። ሲወድቅ አባቱ እዚያ ቢኖሩለት ግን እንዴት ደስ ባለኝ!

አላህ ሰውነታችሁን ጠንካራ፣ ልባችሁን ለስላሳ ያድርግላችሁ። በቁጣ ጊዜ ነፍሳችንን የምንይዝ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።