ከሐኪሙ ፊት አትደበቅ

ልጄ፣ ጁባ ገብተህ ቦቴ መያዝህን ስሰማ ደስ አለኝ። ከነጭ ዓባይ ቀድተው በየሰፈሩ ውኃ ከሚያድሉት ቦቴዎች ብዙዎቹን የሚነዱት የእኛና የኤርትራ ልጆች ናቸው። ግን የጤና ምርመራ ወረቀቱን ሳትመረመር በገንዘብ ልታስጽፍ ነው ሲሉኝ ሆዴ ባባ። ተው ልጄ።

አገር ቤትም ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል ሸምድዶ የዓይን ምርመራ የሚያልፍ አይጠፋም። መንገድ ላይ የሚመጣውን ግን ማን ይሸመድዳል? በ80 ስትነዳ መኪናህ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ከጁባ እስከ ኡጋንዳ ድንበር ኒሙሌ ያለው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት እ.ኤ.አ. በ2012 ካለቀ ወዲህ ደግሞ በዚያ መስመር ቀስ ብሎ የሚነዳ ጥቂት ነው። ከኡጋንዳ የገባ፣ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ከያዝክ የባሰ ነው፤ እዚህ የሚነዳው ቀኝ ይዞ ስለሆነ፣ ልትቀድም ስትወጣ ከፊት የሚመጣው የሚታይህ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ለፊት እንድታይ አድርጎ ጣቱን ከጎን ሲያመጣ፣ ሳታይ «አየሁ» አትበል። የሚለካው የጎን እይታህን ነው።

ማሪዲና ሙንድሪ አካባቢ ከርመህ ከሆነ ይህንንም ንገረው። በዚያ በኩል በፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ አለ፤ መጀመሪያ ቆዳን ያሳክካል፣ ሲቆይ ዓይን ያጠፋል። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

ግፊት ስትለካ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡና አትጠጣ፤ አምስት ደቂቃም አረፍ ብለህ ተቀመጥ። ደጋግሞ ከ140 በ90 በላይ ከሆነ መታከም አለብህ፤ ምንም ስላላመመህ ደህና ነኝ አትበል።

ስኳር ኖሮብህ ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ ፈጽሞ አትደብቅ። ላብ ላብ ካለህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ዳር ይዘህ ቁም፤ ቁልፉን ንቀል፤ ጋቢና ውስጥ ካስቀመጥከው ጣፋጭ ውሰድ። ስኳሩ ቢመለስም አእምሮ እስኪጠራ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃልና ወዲያው አትነሳ።

እንቅልፍንም ንገረው። ረዳትህ «ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል» ካለህ፣ ሌሊቱን ተኝተህም ቀን መሪ ላይ ካንጎላጀጀህ፣ በሽታ ሊሆን ይችላል። በጫት ልታሸንፈው አትሞክር፤ ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፉ የሚመጣው በአንዴ ነው።

የምትፈራው ሥራዬን አጣለሁ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ቤተሰብ ብር ይጠብቃል። ቢሆንም ግፊት በመድኃኒት ይወርዳል፣ የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ መነጽር አድርገህም መንዳት ትችላለህ። ሐኪሙ ለጊዜው አትንዳ ካለህ አሠሪህን ሌላ ሥራ ላይ እንዲያቆይህ ጠይቀው። እምቢ ካለና የቤት ኪራይ ካጠረህ ወደ እኔ ና፤ ካሉት ወንድሞችህ ጋር ሆነን እንሸፍንልሃለን።