ጸሐፊ እምቢ አይበል



ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቢሮ የእርዳታ ተቀባዮችን ስም ኮምፒውተር ላይ እመዘግብ ነበር። ዳታቤዝ አልተማርኩም፤ ዲግሪ ይዤ ሰው መጠየቅም አፈርኩ። አንድ ቀን ባላቸው የሞተባቸው እናት መጡ። «ሐሊማ» ብዬ ብፈልግ ስማቸው የለም። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን በሃሌታው «ሀ» ተጽፎ አገኘሁት፤ የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ! ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠት ነበር። ኤድጋር ኮድ መረጃን በሰንጠረዥና በመለያ ቁልፍ የማደራጀትን ሐሳብ ያቀረበው በ1970 (እ.ኤ.አ.) ነው። እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ (አል-በቀራህ 282) ስለ ምን ይናገራል? ስለ ዕዳ መዝገብ! አላህ (ሱ.ወ.) ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ አላህ እንዳሳወቀው ከመጻፍም እምቢ እንዳይል ያዛል፤ ትንሹንም ትልቁንም መጻፍ እንዳንሰለች ያሳስባል። ታዲያ የሰው ሐቅ በእጃችን ሳለ «ኮምፒውተር አይገባኝም» የሚለው ቃል በአላህ ፊት ምክንያት ይሆነናልን?

ኢንተርኔት ላይ ነፃ ትምህርት ሞልቷል፤ እኛ ግን ሌሊቱን በወሬ እንገፋዋለን (እኔም አለሁበት)። የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃል ለጓደኛው የሚያውስ፣ የባለጉዳይን ስልክ በቴሌግራም የሚበትንም አማና ማጉደሉን ይወቅ።

እኚያን እናት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አውፍ ብያለሁ ልጄ» አሉኝ። ሦስቱን ቀን ምን በልተው እንዳደሩ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱን አጣሁ።