ክፉና ደጉን ማን ነገረን?

የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም በእኛ በጋይንት ናት። ተማሪ ከየአገሩ ለዜማ የሚመጣባት ይህች ደብር ከአንድ የፍልስፍና ሙግት ጋርም ስሟ ይነሣል። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የላከው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በዚያች ደብር በኖረበት ዘመን ነው። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. «ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» አለ፤ ሌላው ምሁር ክላውድ ሰምነር ደግሞ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ሙግቱ ዛሬም አልተዘጋም። ማንም ይጻፈው፣ ጥያቄው ግን የእኛም ነው።

ሐተታው የሚተርከው የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ነው። ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም «እውነቱ እኔ ዘንድ ነው» ሲሉ ማን ይፍረድ? መልሱ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ይፍረድ የሚል ነው። በዚያ ሚዛን ባርነትን ነቀፈ፤ ምንኩስናንና ጾምን ሳይቀር መረመረ።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ጾሜንም አልተውኩም። በዚህ ነጥብ ግን ከሐተታው ጋር ነኝ። አንዱ መጥቶ «ጎረቤትህን ዝረፍ ብሎ እግዜር አዞኛል» ቢለን፣ «ይህስ ከእግዜር አይደለም» እንለዋለን። እንዲህ የምንለው ደጉን አስቀድመን ስለምናውቅ ነው። የማናውቅ ብንሆን ኖሮ የአምላክን ቃል ከአታላይ ቃል በምን እንለየው ነበር?

ይህን ከእናቴ አይቻለሁ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስማዳ ውስጥ ጎረቤታችን እህል ፍለጋ ወደ ጎጃም ስትሄድ አንድ አቁማዳ የዘር ገብስ እናቴ ዘንድ አስቀመጠች። እኛ ልጆቹ ተርበናል፤ ሴትዮዋ መመለስ አለመመለሷንም የሚያውቅ የለም። እናቴ ግን አቁማዳውን አልፈታችም። ብንለምናት «ኋላ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለችን። ሰንበትን የምታከብር፣ ማርያምን የምትዘክር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሲኦልን አላነሣችም። ያገዳት የዚያች ሴት ፊት ነበር።

«እግዜርን የማይፈራ ምን ያግደዋል?» የሚሉ አሉ። እግዜርን እፈራለሁ የሚለውስ ሰው ለመሬት ሲል በሐሰት ሲምል አላየንም? በአንጻሩ የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ላይ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ አረጋዊ ይጦራል። ይሁን እንጂ አውራ አምባዎችም ሐተታውም ፈጣሪን አልካዱም። ስለዚህ ለከሓዲው ምስክር አድርጌ አላቀርባቸውም። ምስክርነታቸው ደግነት ያለ ካህንና ያለ ግዝት መቆም እንደሚችል ነው።

እምነት ለደከመ ሰው ብርታት ይሆናል፤ ይህን አልክድም። ደጉን ከክፉ መለያው ግን ለአማኙም ለማያምነውም አንድ ነው። እንግዲህ ሰውን «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት አደራ ጠባቂ መሆኑን እንጠይቅ።