ትርፉ ለማን? ኪሳራውስ በማን ጫንቃ?

ባለፈው ሰሞን ከዙህር ሶላት በኋላ ከአንዋር መስጊድ ወጥቼ ወደ ሲኒማ ራስ ሳዘግም መብራት ጠፋ። መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ የሚከተለውን ለመገመት አይቸገርም። ደቂቃ ሳይሞላ የአንዱ ሱቅ ጀነሬተር ያጓራል፤ ሌላው ይከተላል፤ ወዲያው መንገዱ በጭስና በጩኸት ይሞላል። ጀነሬተር የሌለው ባለሱቅ ደግሞ በርጩማውን ደጃፉ ላይ አውጥቶ ይቀመጣል። እኔም ከተቀመጡት አንዱ ወደሆኑት አዛውንት ጎራ አልኩ። ሰፈሩ "ሐጂ" እያለ የሚጠራቸው፣ አምፖል፣ ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ ሲነግዱ ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። አሁን አሁን የሶላር ፓኔልም ይሸጣሉ።

በእጄ የያዝኩትን ጋዜጣ አይተው ምን አዲስ ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። የውጭ ባለሀብቶች በሀገራችን ከፀሐይና ከነፋስ ኤሌክትሪክ አመንጭተው ለመንግሥት እንዲሸጡ ስለሚደረገው ጥረት የሚያትት ጽሑፍ ነበር። እንዲህ ያለው ውል ለሃያ ዓመት ያህል እንደሚፈረም፣ ዋጋው በዶላር እንደሚተመን፣ ለክፍያውም መንግሥት ዋስ እንዲሆን እንደሚጠየቅ አስረዳኋቸው።

"ሰውዬው ቢከስርስ?" አሉኝ።

"ዋስትናው እንዳይከስር ነው፣ ሐጂ።"

"እኛ ብንከስርስ፣ ልጄ?"

መልስ አልነበረኝም። ሐጂ የጠየቁት የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ለባለሀብቱ ፍትሐዊ እንሁን። ጀነሬተር በትንሽ ገንዘብ ይገዛል፤ ባለቤቱን የሚያስመርረው በየቀኑ የሚጠጣው ናፍጣ ነው። ፀሐይና ነፋስ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ነዳጃቸው በነፃ ይመጣል፤ ወጪው ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚከፈለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ዛሬ መቶ ሚሊዮን ዶላር መሬት ላይ ተክሎ ገንዘቡን በሃያ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ለመልቀም ይቀመጣል። በመሐሉ ሕግ ቢለወጥ ወይም ገዢው አልከፍልም ቢል ማማውን ነቅሎ ሊሄድ አይችልም። ይህ ስጋት ሲበዛ ገንዘብ የሚያቀርቡለት ሰዎች ብዙ ትርፍ ይጠይቃሉ፤ የኤሌክትሪኩም ዋጋ ይወደዳል። እንግዲህ መተማመኛ የሚሰጥ ፖሊሲ መብራትን ያረክሳል ማለት ነው። መተማመኛ መስጠቱ ነውር የለውም።

ነውሩ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። በእስልምና የንግድ ሕግ ሊቃውንት እንደ መሠረት የሚቆጥሩት አንድ መርህ አለ። ይኸውም የአንድን ነገር ትርፍ የመውሰድ መብት የሚኖረው የዚያኑ ነገር ኪሳራ ለመሸከም የተዘጋጀ ሰው ነው የሚለው ነው። በሙዳረባ ውል ገንዘብ ያቀረበው ሰው ንግዱ ሲከስር ኪሳራው የርሱ ነው፤ ሠራተኛው ልፋቱን ያጣል። በሙሻረካም ሸሪኮች ኪሳራን እንደ መዋጯቸው ይካፈላሉ። ወለድ ከሚነቀፍባቸው ምክንያቶች አንዱም ከዚሁ ይመነጫል፤ ተበዳሪው ቢወድቅም ባይወድቅም አበዳሪው ትርፉን ቆርጦ ይቀበላልና። በተጨማሪም የፊቅህ ሊቃውንት ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን ሰዎች በጋራ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች መድበዋቸዋል። ፀሐይና ነፋስ ከነዚህ የሚለዩ አይመስለኝም። ማማውን የተከለው ሰው ለላቡና ለገንዘቡ ዋጋ ይገባዋል፤ ነፋሱ ግን የርሱ አይደለም።

እስቲ በዚህ መንገድ ቀድመውን የሄዱትን አውሮፓውያን እንመልከት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ አባል ሀገሮች በ2020 ከሚጠቀሙት ኃይል 20 በመቶው ታዳሽ እንዲሆን ወሰነ፤ በ2023 ደግሞ የ2030ውን ግብ ወደ 42.5 በመቶ ከፍ አደረገ። ግቡ አንድ ቢሆንም ሸክሙ የተደለደለበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፀሐይና ከነፋስ ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭ ሁሉ ለሃያ ዓመት የማይናወጥ ዋጋ ቃል ገባች። ሕጉ ለትልቅ ኩባንያ ብቻ ሳይሆን ጣሪያው ላይ ፓኔል ለሰቀለ ገበሬም ይሠራ ስለነበር ሚሊዮኖች ገቡበት። ነገር ግን ልዩነቱ የሚሸፈነው በእያንዳንዱ ቤተሰብ የመብራት ሂሳብ ላይ በሚታከል ክፍያ ነበር፤ ኃይል በብዛት የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ደግሞ ከአብዛኛው ክፍያ ነፃ ተደረጉ። በመሆኑም ጣሪያ የሌለው ተከራይ ጣሪያ ላለው ሰው ትርፍ ሲከፍል ኖረ። ክፍያው ከቤተሰቦች ሂሳብ ላይ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ ነው።

የስፔን ታሪክ የባሰ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 ለፀሐይ ኃይል እጅግ የጎመጀ ዋጋ አወጀ። ተራ ቤተሰቦች ሳይቀሩ ቤታቸውን አስይዘውና ተበድረው ፓኔል ተከሉ። ከኢኮኖሚው ቀውስ በኋላ ግን ከ2010 ጀምሮ መንግሥት ቃሉን ያጥፍ ጀመር፤ በ2013ም ቀድሞ በተተከሉት ላይ ሳይቀር የቀድሞውን ዋጋ ሻረ። የውጭ ኩባንያዎች ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ወስደው ካሳ ተፈረደላቸው። የሀገሬው ትንሽ ቆጣቢ ግን እንዲህ ያለ በር አልነበረውም፤ ዕዳውን ታቅፎ ቀረ። ውል ያፈረሰው አንዱ ሲሆን ዋጋውን የከፈለው ሌላው ሆነ።

ዴንማርክ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። በኮፐንሃገን ወደብ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተተከሉት 20 የነፋስ ማማዎች ግማሹ ከ8,000 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነው። በ2008 የወጣ ሕግም የነፋስ ማማ የሚተክል ባለሀብት ቢያንስ 20 በመቶውን ድርሻ ለአካባቢው ነዋሪ በሽያጭ እንዲያቀርብ አስገድዶ ነበር። የማማውን ድምፅ የሚሰማው ጎረቤት ከትርፉም እንዲቀምስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ዝናብ ሲያጥር እንጨልማለን። በ2011 ግንቦትና ሰኔ የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ሲቀንስ በፈረቃ መብራት ስንጠቀም እንደነበር መርካቶ አትረሳውም። ስለዚህ ፀሐይና ነፋስ ያስፈልጉናል። በአዳማ በ2012 እና በ2015 እ.ኤ.አ. 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ በመቀሌ አቅራቢያ በአሸጎዳ በ2013 እ.ኤ.አ. 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ተተክሏል። እነዚህ በብድር የተሠሩ የመንግሥት ንብረቶች ናቸው። ቀጥሎ የግል ባለሀብት ይግባ ተብሎ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቸቶና በሶማሌ ጋድ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የፀሐይ ጣቢያዎችን ለመሥራት ጨረታ አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ዘመኑም 20 ዓመት ነበር። በአፍሪካ እጅግ ርካሽ ከተባሉት ዋጋዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ውሉ ወደ ጣቢያ ሳይለወጥ ቀረ። እንዲህ ያሉትን ፕሮጀክቶች ካሰሩት ቋጠሮዎች ዋነኛው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሕዝቡ በብር ይከፍላል፤ ባለሀብቱ ዶላር ይፈልጋል።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር 29 ብር ገደማ ስለነበር ዋጋው 73 ሳንቲም ያህል ይሆን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ዶላር ከ120 ብር አለፈ። ያው ርካሽ የተባለው ዋጋ ከ3 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ፀሐይዋ አልጨመረች፤ ፓኔሉም አልተለወጠ፤ የሰውዬውም ትርፍ በዶላር ሲቆጠር ያው ነው። አራት እጥፍ የሆነው የእኛ ሸክም ብቻ ነው። የሐጂ ጥያቄ ትርጉሙ ይህ ነው። በከተማችን ከአከራይ ቆጣሪ መብራት የሚገዛው ተሸካሚ ስለ ምንዛሪ ዋስትና ሰምቶ አያውቅም፤ ውሉ ላይም አልፈረመም፤ ዋስ የሆነው ግን እርሱ ነው። በስሙ የተፈረመውን የሚከፍለው በግብሩና በመብራት ሂሳቡ ነውና።

"ታዲያ የራሳችንን ገንዘብ ለምን አንጠቀምም?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ተጠቅመናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የተሠራው በሀገር ውስጥ ገንዘብ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው ብሂላችን በተግባር የታየበት ሥራ ነው። ሐጂም ወለድ የሌለበት ቦንድ ገዝተው ነበር። ጊዜው ሲደርስ የሰጡትን ያህል ብር ተመለሰላቸው። በዚያው ብር ግን ቀድሞ ይገዙ ከነበረው ሽቦ ግማሹን እንኳ ሊገዙ አልቻሉም።

"ለሀገሬ ሰጥቻለሁ፣ አይቆጨኝም" ይላሉ። "ግን ሸሪክ ነህ ብለውኝ ቢሆን፣ ቢያተርፍ ከትርፉ፣ ቢከስር ከኪሳራው ብካፈል እመርጥ ነበር።"

ይህን ንግግር በቸልታ ማለፍ አይገባም። ለሀገር መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ ለአንድ ግድብ አንድ ጊዜ ይሆናል። ለሚቀጥሉት አሥር የነፋስና የፀሐይ ጣቢያዎች ግን በስጦታ መንፈስ ብቻ ገንዘብ ማሰባሰብ አይቻልም። ለውጭው ባለሀብት ትርፍ ከነዋስትናው፣ ለሀገሬው ቆጣቢ ደግሞ ምስጋና ብቻ የሚያቀርብ ፖሊሲ ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ከወለድ የሸሸው ገንዘብ ዛሬ በየፍራሹ ሥር አይደለም ያለው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በመመሪያ ተፈቅዷል፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራም ተከትሎታል። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለዜጎች አቅርቧል። የስልክ ኩባንያ ድርሻ ለሕዝብ ከተሸጠ የነፋስ ማማ ድርሻ የማይሸጥበት ምክንያት አይታየኝም። ጣቢያው በብር የተዋጣ ድርሻ በያዘ መጠን በዶላር የሚታሰረው ሸክም ይቀንሳል። ፓኔሉንና ማማውን ከውጭ ለማስመጣት ዶላር ያስፈልጋል፤ ለሃያ ዓመት ትርፍ ለመክፈል ግን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ትንሽ ቆጣቢ ኪሳራ ሊሸከም ይችላል ወይ የሚለው ነው። ስፔን ያስተማረችን በብድር ገብቶ ኪሳራ መሸከም እንደማይቻል ነው። የሸሪክነት ድርሻ ግን ከተረፈ ገንዘብ የሚወጣና ከዚያ በላይ የማያስጠይቅ መሆን አለበት። ከዚህም ጋር መንግሥት የገባውን ቃል አለማጠፉ ግዴታ ነው፤ ውልን መሙላት ለባዕድ ብቻ የሚጠበቅ ወግ አይደለም።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። ድርሻ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለውስ? ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት የለውም። የመርካቶ ነጋዴ ሸሪክ ሆኖ ቢያተርፍና የተሸካሚው ሂሳብ ቢንር የባለቤቱ ስም ተለወጠ እንጂ ግፉ ያው ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ታሪፍ እየጨመረ ነው፤ ወጪውን የማይሸፍን ተቋም ውሎ አድሮ ስለሚወድቅ ጭማሪውን በደፈናው አልነቅፍም። ነገር ግን አንድ አምፖልና አንድ ምጣድ ብቻ ያለው ቤት በምንም ዓይነት ውል ዋስ ሊሆን አይገባውም። ማሳው ላይ ማማ የተተከለበት ገበሬም የአንድ ጊዜ ካሳ ተቀብሎ ከሚሸኝ ይልቅ እንደ ዴንማርኩ ጎረቤት ድርሻ ቢቆረጥለት ፍትሕ ይሆናል። መሬቱ የርሱ መዋጮ ነው።

ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ አንቀስር። ሸሪክ እንሁን ስንል መታመንም ይኖርብናል። በዚሁ ገበያችን 50 ዋት የማይሞላ ፓኔል 100 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ሲሸጥ አይተናል። ከገጠር መጥቶ የበግ ዋጋ የከፈለበት ሰው አገሩ ገብቶ አምፖሉ ሲደበዝዝበት የሚረግመው ሻጩን ብቻ አይደለም፤ የፀሐይ መብራት የሚባለውን ነገር ሁሉ ነው። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ስለ ፖሊሲ ፍትሕ ለመናገር አፉ አይሞላም።

እነሆ የኔ አቋም ይህ ነው። ለባለሀብት መተማመኛ ይሰጥ፤ ነገር ግን የሃያ ዓመት ዋስትና ከመፈረሙ በፊት ፈራሚው በሐጂ ጥያቄ ይጠየቅ፦ እኛ ብንከስርስ? ኪሳራው የሚደርስበት ሰው ከትርፉ ድርሻ ከሌለው፣ ውሉ በሕግ የጸና ቢሆንም እንኳ፣ ፍትሐዊ ነው ለማለት አልደፍርም።

የዚያን ዕለት መብራቱ የመጣው ዐስር ሊደርስ ሲል ነው። ጀነሬተሮቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሐጂ በርጩማቸውን አንሥተው ሲገቡ ዞር ብለው "መልሱን ስታገኝ ጻፈው" አሉኝ። ያገኘሁት ይህን ያህል ነው። ወላሁ አዕለም።