ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ልጄ፣ ወንድምህ የላከልህን በሬዲዮ የምትነዳ ባለ ናይትሮ ሞተር መኪና ይዘህ ከኮምቦልቻ ወደ ወረኢሉ ልትመጣ መሆኑን ከእናትህ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። «ለመጫወቻ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» የሚሉህን አትስማቸው። ከትክክለኛው መኪና አሥር ጊዜ ታንሳለች፤ ሁለት ኪሎ እንኳ አትሞላም። ነገር ግን ፍሪሲዮን አላት፣ ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ አላት፣ ማርሚታ አላት። ሞተሯ 2.11 ሲሲ ብቻ ሆኖ በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ በረጅም ቀጥታ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ታልፋለች። እንዲህ ያለ ነገር ባለቤቱን ይፈትናል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በወፍጮ ቤት ሞተር ነው፤ በስተርጅና ጀርመን ልጆቼ ዘንድ በኖርኩባቸው ዓመታት ደግሞ በእንዲህ ዓይነት መኪኖች የእሑድ ውድድራቸው ነዳጅ ቀጂ ሆኜ ቆሜላቸዋለሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ አባቶች። አንተ ግን ከሕፃንነትህ ጀምሮ ሰሚ ነህና ልናገር።

ከሁሉ በፊት የምነግርህ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ነው። ውድድሩ የሚታየው ሜዳ ላይ ይሁን እንጂ የሚያልቀው ከዋዜማው ጠረጴዛ ላይ ነው። ብሎኑ ሁሉ ይጠበቅ፣ ቀበቶው ይታይ፣ የመቀበያዋ ባትሪ ይሞላ። የተወለድክበትን ከተማ አስብ። በ1888 ዓ.ም. ክተቱ በመስከረም ታወጀ፣ ሠራዊቱ በጥቅምት ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ፣ ዐድዋ የሆነው በየካቲት 23 ነው። የዚያ አገር ልጅ ሆነህ ያለ ዝግጅት ሜዳ ብትወጣ አያምርብህም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ያገራችን አየር። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ የካርቡሬተሩን መርፌ ይህን ያህል ዙር ክፈት ይልሃል። ያ መጽሐፍ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ አካባቢ ላለ ሰው ነው። ወረኢሉ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ ሞተርህ የሚተነፍሰው አየር ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲያንስ ነዳጁም በዚያው ልክ ማነስ አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና እያጨሰ ይንተፋተፋል፣ ጋዝ ስትሰጠው ዘግይቶ ይነሣል። ስለዚህ እዚህ ስትደርስ መርፌውን ጥቂት በጥቂት፣ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ እያልክ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ትዘጋዋለህ። ቴስታታው ሥር ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዷን ማንሣትና ሞቅ ያለ ግሎ ካንዴላ ማሰርም ለደጋ ይረዳል። ያም ሆኖ የባሕር ዳርቻውን ጉልበት አታገኝም፤ ሩብ ያህሉ ይቀርብሃል። መርፌ በማጥበቅ ልመልሰው አትበል።

ልብ በል፤ የሚገድለው መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው። ወረኢሉ ላይ ያስተካከልከውን መርፌ እንዳለ ይዘህ፣ በጉጉፍቱ አድርገህ ደሴን አልፈህ ኮምቦልቻ ብትወርድ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። አየሩ ወፍሯል፣ ነዳጁ ግን ደጋ ላይ እንደለካኸው ነው። ሞተሩ ይደርቅበታል፣ ይግላል፣ ካንዴላው ይቃጠላል፣ ሲብስም ቤላው ይሰበራል። እናም ቁልቁል ከመውረድህ በፊት መርፌውን ሩብ ዙር ክፈትና ኮምቦልቻ ላይ እንደ አዲስ ለካ።

ነዳጅ ያነሰው ሞተር ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሊሞት ሲል ነው ድምፁ የሚያምረው። ይስላል፣ ይፈጥናል፣ ከጓደኞችህ መኪና ሁሉ የሚበልጥ ይመስልሃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የተባለው ለዚህ ነው። ቀጥታውን ስትጨርስ ከማርሚታዋ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ መታየት አለበት። ጭሱ ከጠፋ፣ እየመራህም ቢሆን አቁም። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ነውና የሚመጣው፣ ነዳጅ ነፈግከው ማለት ቅባትም ነፈግከው ማለት ነው።

መለኪያው ምንድን ነው ብትለኝ፣ እጄ የለመደውን አሳይሃለሁ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ ተወው። ከዚያ የነዳጁን ቱቦ ካርቡሬተሩ አጠገብ በሁለት ጣትህ ቆንጥጠህ ያዝና አድምጥ። ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ በሦስት ሰከንድ ገደማ ከጠፋ የሚኒሞው መርፌ ልክ ነው። እንደያዝከው ወዲያው ከጠፋ ደርቋል፤ እየጮኸ ብዙ ከቆየ ነዳጅ በዝቶበታል። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትተህ በብርሃን እየው። ሽቦዋ እርጥብና እንደ አዲስ የምታብረቀርቅ ከሆነች ነዳጁ ብዙ ነው፤ ግራጫ ሆና ቅርጿን ከጠበቀች መልካም ነው፤ ከተጣመመች ወይም ከተበጠሰች ሞተሩ ግሏል። ጋራዥ ውስጥ ያደጉ ልጆች ቴስታታው ላይ ምራቅ ጣል አድርገው «ቶሎ ፈላ፣ ሞቋል» ሲሉ ታያለህ። ይህን ወረኢሉ ላይ አትመነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተርህ ደግሞ የሚፈልገው ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ገና ብርድ ያልለቀቀው ሞተር ላይ ምራቅህ ሊፈላ ይችላል። ከሩቅ የሚለካ ትንሽ ቴርሞሜትር ግዛ።

ስለ ማለዳው ውርጭም ልንገርህ። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ከላይ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲሞቅ ይሰፋና ለፒስተኑ ልክ ይሆናል። በብርድ ግን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ይነክሳል። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ መሬቱ ነጭ ሆኖ ሳለ በጉልበት አስነሣለሁ ብትል ቤላውን ታደክመዋለህ። በፀጉር ማድረቂያ ቴስታታውን እስከ 80 ዲግሪ አሙቀህ ነው የምታስነሣው። አዲስ ሞተር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ታንኮች ነዳጅ አብዝተህ፣ እያሞቅህና እያበረድክ አለማምደው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በዚህ ሰዓት የምትቸኩለው ችኮላ የሞተሩን ዕድሜ ያሳጥራል። ማታም ሥራው አላለቀም። በታንክ የቀረውን ነዳጅ አቃጥለህ ጨርስና ሞተሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምርበት፤ ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ ኩሽኔታውን ያዝገዋል።

ስለ አካሏና ስለ ጎማዋ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ከእኔ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። የኋላው ሲንሸራተትብህ የሾኩን ዘይት፣ ሞላውንና የጎማውን ዝንባሌ በአንድነት ቀይረህ ቢሻልህ፣ ያሻለህ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደብተር ያዝ፤ ቀኑን፣ ብርዱን፣ መርፌው ስንት ዙር እንደተከፈተ፣ የትኛውን ሞላ እንዳሰርክ ጻፍ። ጀርመን ያየኋቸው ጎበዞች ሁሉ ደብተራቸው በዘይት የጨቀየ ነበር። የስፖንጅ ጎማ ከሆነ ደግሞ እየሮጠ ያልቃል፤ ሜዳው በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ የግራው ቀድሞ ይበላልና በየዙሩ መካከል ግራና ቀኙን አቀያይር። እኛ ዘንድ አስፋልቱ አቧራ ስለማያጣው የላስቲክ ጎማውን እመርጥልሃለሁ። ሜዳውን በመጥረጊያ ሳታስጠርግ አትነሣ፤ የአየር ማጣሪያውንም በዘይት ነክረህ ጨምቀህ ግጠም። በአቧራ ያለቀ ሞተር በወፍጮ ቤትም በቂ አይቻለሁ።

አሁን ቆም ብለህ ስማኝ። ነዳጁ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ነው። ናይትሮሜቴን ኦክስጅኑን በራሱ ይዞ ስለሚመጣ፣ አንድ ኪሎውን ለማቃጠል 1.7 ኪሎ አየር ይበቃዋል፤ ለሜታኖል ከስድስት ኪሎ በላይ ያስፈልገዋል፣ ለቤንዚን 14.7። አየር ለሚያጥረው ደጋ ጥሩ የሆነው በዚህ ነው። ግን ይህንኑ ሰምተህ ይብዛልኝ አትበል፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ናይትሮሜቴኑ ከ16 በመቶ ያለፈ ነዳጅ ያለ ልዩ ፈቃድ ለተራ ሰው አይሸጥም። ሰዉም በ16 በመቶው ተወዳድሮ ይውላል። በቤት ውስጥ ልቀላቅል ብለህም አታስብ። ከዘይቱ መካከል አንዱ የጉሎ ዘይት ነው፤ ጉሎ በየጓሯችን አለ ብለህ እቤት የተጨመቀውን እንዳትጨምር። ለሞተር የሚሆነው ተጣርቶ ሙጫው የወጣለት ነው።

ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ሰው ይገድላል። ሲቃጠል እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም፤ እጅህ ሲጋይ ነው የምታውቀው። ፈሳሹ ሲታይ ደግሞ አረቄ ይመስላል። ልጄ፣ በአረቄ ወይም በውሃ ጠርሙስ እንዳትቀዳው፤ በመጣበት ዕቃ፣ ስሙ እንደተጻፈበት፣ ከመኖሪያ ቤቱ ውጭ ቆልፈህ አስቀምጠው። እንግዳ በሚበዛበት ቤት ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አንተው ገምት። ወንድምህም ነዳጁን በአውሮፕላን በሻንጣው ይዞልህ እንዳይመጣ ንገረው፤ ክልክል ነው፣ መከልከሉም ልክ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ሰውን ነው። የሬዲዮው ግንኙነት ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሲደክም መኪናዋ በራሷ ፍሬን እንድትይዝ የሚያደርገውን ሥርዓት ሜዳ ከመውጣትህ በፊት ፈትን። ከመሬት አንሥተህ ያዛት፣ የእጅህን ሬዲዮ አጥፋው፣ ጋዙ ሲዘጋ በዓይንህ እይ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በሙሉ ፍጥነት የመጣች ሁለት ኪሎ የምትጠጋ ብረት የሕፃን እግር ትሰብራለች።

ስለ ውድድሩ ብትጠይቀኝ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ማሸነፍ በጣትህ ነው። ማጣሪያው አጭር ነው፤ ፍጻሜው ግን ግማሽ ሰዓት፣ 45 ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ታንኩ የሚይዘው 75 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ በየአራት አምስት ደቂቃው ትገባለህ። ነዳጅ ቀጂህን ከራስህ አስበልጠህ አክብረው። እኔ በዚያ ቦታ ቆሜ ያየሁት፣ አንድ ሰከንድ ለመቆጠብ ሲጣደፉ መኪናቸውን ከግድግዳ የሚያላትሙ ብዙ መሆናቸውን ነው። ቀስ ብሎ የገባው፣ ተቀድቶለት የወጣው፣ ሳይገለበጥ የዞረው በመጨረሻ ከፊት ይገኛል።

የጀርመን ተወዳዳሪዎችን የወደድኩላቸው ሥርዓት ደግሞ ይህ ነው። የራሱን ዙር የጨረሰ ተወዳዳሪ፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ወጥቶ በሜዳው ጥግ ይቆማል፤ የተገለበጠ የሌላ ሰው መኪና ሲያይ ሮጦ ያቃናል። ተቆጥቶ የቀረ ቅጣት አለበት። ይህችን ሥርዓት ወደ አገርህ አምጣት። የአገራችን ደቦና ወንፈል ያሳደገው ልጅ አይከብደውም።

ወረኢሉ ስትመጣ በገበያ ቀን ሞተር አታስነሣ፤ የተጫነ አህያና በቅሎ የዚህችን ሞተር ጩኸት አይችልም፣ ያስደነበረ ይከፍላል። የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴና የመስጊድ ሶላት ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ይጥፋ። የከተማውን ሰዎች አስቀድመህ አስፈቅድ፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ቦታው ከመንገድ የራቀ፣ ጥርጊያው የደረቀ ይሁን።

አንድ ነገር ለምኜህ ልጨርስ። ድምፁን ሰምተው ልጆች ይከቡሃል። ከመስመሩ ጀርባ አስቁማቸው እንጂ አታባርራቸው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጥራቸው፣ ቴስታታውን ፍታላቸው፣ ካቻቢቴውን አስይዛቸው። በዚህ ከተማ የሚቆመው ወፍጮ፣ ባጃጅና የውሃ ፓምፕ ሁሉ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።